አበባ የተሣለበት ቆርቆሮ

እኔን ብሎ መላሽ! ፊደል ያልቆጠርሁ አሮጊት ምን ጥልቅ አደረገኝ? ባለፈው ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ከአበሩ የኑግ ዘይት ስገዛ፣ ገበያተኛውን እየጠየቀች በወረቀት የምትጽፍ ሸጋ ልጅ መጣችና፣ «እማማ፣ ምነው የፋብሪካውን ትተው እዚሁ የተሠራውን ይገዛሉ?» አለችኝ። «እንጃ» ብዬ ማለፍ ስችል፣ «ቁጭ በይ ልንገርሽ» አልኋት።

አበሩ ያኔ በወጣትነታችንም ጎረቤቴ ነበረች፤ ሁለታችንም ገና ትኩስ ሙሽሮች። ኑጉን ትክል ድንጋይ ከሚባለው ከተማ እያስመጣች ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ በፍል ውሃ እያሸች ዘይቱን ታወጣለች። ሰፈሩ ሁሉ ኑግ ኑግ ይሸታል። እኔ ደግሞ ኩራቴ አይጣል ነው! የሚካኤል ማኅበር መጀመሪያ እኔ ቤት ሲደርስ፣ «ያንቺን ጥቁር ዘይት ለእንግዳ አላቀርብም» ብያት፣ በጭነት ማኪና አቧራ እየቃምሁ ጎንደር ወረድሁ። ቀይ አበባ የተሣለበት ቆርቆሮ ገዝቼ መጣሁ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። ነጋዴውን «የጾም ነው?» እንኳ አላልሁት። አበባ ምኑ ይጠየቃል!

ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ። ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው ቤቴን ሞላው። ሽሮው ሲጣፍጥ! የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ «እስቲ ጨምሪልኝ» አሉ። አበሩም ሳህኑን በጣቷ ስትጠርግ አይቼ በሆዴ ሳቅሁ።

ጠላው ሁለተኛ ሳይዞር ብርዱ ገባ። አያ ዋሴ የሚባሉ ሽማግሌ የተረፈውን ወጥ ጎንበስ ብለው አዩት። ላዩ ነጭ ሆኖ ረግቷል። በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘይት ነዋ፣ አያ።»

«ዘይት እንዲህ ይረጋል?»

ከማኅበርተኛው አንዱ አስተማሪ ነበር። ቆርቆሮውን አምጪ አለኝ። ከላይ አነበበ፣ ከታች አነበበ፣ ደግሞ ከላይ። ቀና ሳይል፣ «የበሬ ስብ ነው» አለ።

አያ ዋሴ ከተወለዱ ሁዳዴን ገድፈው አያውቁም፤ ቀኝ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ ትክ ብለው አዩት። አንዷ አፏን ይዛ ወጣች። ቄሱ «አውቃችሁ አይደለም፣ አይዟችሁ» አሉ፤ የራሳቸውን ሳህን ግን ገፋ አደረጉት። ለሁሉም ስግደት ታዘዘ፣ ለኔ እጥፉ። በኔ ኩራት ሰፈር ሙሉ ሰው ሲወድቅ ሲነሣ ከረመ። ዛሬም ወጥ ረግቶ ካየሁ ልቤ ድንግጥ ይላል።

«እና ልጄ» አልኋት ያችን ባለወረቀት፣ «የማላነበውን ቆርቆሮ ከማምን፣ እጇ ኑግ የሚሸተውን ሴት ማመን ይሻለኛል። ብታጭበረብረኝ ደጇ ሄጄ እሰድባታለሁ። ቆርቆሮን የት ሄጄ ልስደበው?»

ልጅቱ ሳቀችና፣ «የአገሯን ምርት ስለምትወድ ብዬ ልጻፈው?» አለች።

አበሩ ማንቆርቆሪያዋን ቁጭ አደረገች። «ምን ፍቅር አላት! ደግማ በሬ እንዳታበላን በሚካኤል ያስማልኋት እኔ ነኝ።»