ምዕራቡን ማን ከደነው?

ዛሬ ራቤል ገበያ ውስጥ ለጣራ ክዳን የሚሆን ርጥብ የጓሳ ሣር የተጫነ በቅሎ አጠገቤ አለፈ። ሽታው የደብራችን ጣራ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ወደተቀየረበት ዓመት መለሰኝ።

እኛ ጎረምሶቹ የድሮውን ክዳን እያወረድን ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የዋለ ሣር ለከብት አይሰጥምና እየተከመረ ይቃጠላል። የሰፈራችን አሮጊት እማማ ዘነበች በትራቸውን ተደግፈው መጡና በምሥራቅ በኩል የወረደው ሣር የታሰረበትን ገመድ እያገላበጡ ማየት ጀመሩ።

«እማማ፣ ጎጆ ሊቀልሱበት ነው?» አለ አንዱ ከጣራው ላይ።

«አንተ አፍርስ፤ እኔ የማን እጅ እንደሆነ ልይ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ወደ ግራ የተጠመዘዘው የአያትህ ነው፤ ግራኝ ነበሩ። የላይ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ሁለት ጊዜ ነበር የሚያስሩት። ያዝ እንግዲህ፣ እኔ ነገ የለሁም።»

አያቴን አላውቃቸውም። ገመዱን በጣቴ ዳሰስኩት፤ አሁንም ጠንካራ ነበር።

እማማ ምሥራቁን፣ ሰሜኑንና ደቡቡን የከደኑትን በየስማቸው ጠሩልኝ። ቀስ እያሉ ወደ ምዕራብ ሲዞሩ ግን የዚያ በኩል ሣር ዐመድ ሆኖ ጠበቃቸው። ጥቂት ቆመው አዩትና «እነዚህም እኮ ሰዎች ነበሩ» አሉ።

እማማ ካረፉ ቆይተዋል። የነገሩኝን ስሞች ለደብሩ ልጆች አስጠናለሁ። በንግሥ ቀን ታቦቱ ዞሮ ምዕራብ ሲደርስ አጠገቤ ያሉትን ሽማግሌዎች ይህን በኩል እነማን እንደከደኑት እጠይቃለሁ። «አባቶቻችን ናቸው» ይሉኛል። የማን አባት እንደሆኑ የሚነግረኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም።