ወደ ግራ የዞሩት ባንዲራዎች

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ይህንንም ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ጾም መግደፌን ስናዘዝ እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ተመልሷል። እርስዎ፣ አንባቢዬ፣ ግን ፊቴን ስለማያዩት እነግርዎታለሁ። በአቻላ ላይ በሐሰት የመሰከርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ጋምቤላ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ነበርን። አባቴ ከጎሬ ተዛውሮ የመጣ የጉምሩክ ጸሐፊ ነው። አቻላ ደግሞ የአኙዋ ልጅ ናት፤ ከባሮ ማዶ በታንኳ እየተሻገረች ትማራለች። እኔ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት ድምፅ የማይወጣልኝ ዓይናፋር ነበርኩ። አጠገቤ ተቀምጣ በእኔ ፈንታ «አለች!» የምትለው እሷ ናት። ያ ዓመት ሲያልቅ ከክፍላችን አንድ ልጅ ለድሬሰርነት፣ ለሐኪም ረዳትነት ማለት ነው፣ ትምህርት ይላካል ተብሎ ነበር። የታሰበችው አቻላ ናት።

መዝሙር የምታስተምረን የውጭ አገር ሴት ነበረች፤ «ሚስ» እንላታለን። ከአያቷ የወረሰችው፣ ወረቀቱ እንደ ቅጠል የደረቀ፣ የጥንት የኖታ መጽሐፍ ነበራት። የኖታው ራስ እንደ ኑግ ፍሬ ሹል ነው፤ ከራሱ የሚወጣው ቀጭን መስመር እግሩ ነው። ከእግሩ ጫፍ የምትውለበለበውን ጭራ ሚስ «ባንዲራ» ትላታለች፤ ባንዲራ ያለው ኖታ ቶሎ ይዘመራል። ሚስ ወደ ኢታንግ ስትሄድ አንዱን መዝሙር በትልቅ ካርቶን ላይ እንድንገለብጥ ለሁለታችን ሰጠችን። ልጆቹ እሱን እያዩ ተለማምደው እንግዳ ሹም ሲመጣ ሊዘምሩ ነው። አቻላ መስመሩን፣ ራሱንና እግሩን ሳለች። ባንዲራው የእኔ ድርሻ ሆነ፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል እባል ነበርና።

እግራቸው ሽቅብ የቆመ ኖታዎች ባንዲራቸው በስተቀኝ ነው። እግራቸው ቁልቁል የወረደው ግን በስተግራ!

«እነዚህ ስሕተት ናቸው፤ አታሚው ተሳስቷል» አልኩ።

«ለምን ይሳሳታል?»

«የበ ፊደል ቀኝ እግሯ ሲረዝም ባ ናት፤ የግራዋ ሲረዝም ቦ። ግራና ቀኝ አንድ ነው ብሎ ማን አስተማረሽ?»

አቻላ ሳቀች። «ይሄ እኮ ፊደል አይደለም፣ ባንዲራ ነው። በባሮ የሚመጣው መርከብ ባንዲራ በነፋስ ወዲያ ይዞራል፣ ወዲህ ይዞራል። መርከቡ ያው ነው።»

«ፊደል ያንቺ ነው የእኔ?» አልኳት። እንዲህ አልኳት። እኔ፣ ዓይናፋሯ!

«እሺ፣ የፊደል እመቤት» ብላ ተወችው። እኔም በግራ ያሉትን ባንዲራዎች አንድ ሳላስቀር ዘለልኳቸው። ያየሁትን ብቻ ብገለብጥ ምን ነበረበት?

ሹሙ የመጣ ዕለት ሚስ ከኢታንግ በዚያው ጠዋት ደርሳ፣ ከመጽሐፉ እያየች ሃርሞኒየም የሚባለውን ኦርጋኗን መታች፤ ልጆቹ ከካርቶኑ እያዩ ዘመሩ። ሃርሞኒየሙ ሮጠ፣ ልጆቹ ተጎተቱ። ግማሹ ሲጨርስ ግማሹ ገና መሐል ላይ ነው። ሹሙ ሳቀ፤ አዳራሹ ሁሉ ተከተለው። ሚስ ቀልታ ተነሣች፤ ካርቶኑን አየችው።

«ባንዲራ የት ሄደ? ማነው የተወው?»

አቻላ ወደ እኔ ዞረች። ያን ጊዜ፣ ስሜ ሲጠራ የሚጠፋው ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «አቻላ ናት።» ድምፁን ስሰማ ራሴ ደነገጥኩ፤ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

«እኔ?» አለች አቻላ። ማንስ ጠየቃት? ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ እንዴት በፍጥነት እንዳመኑኝ ነው። የጉምሩክ ጸሐፊው ልጅ ተናገረች፤ አለቀ።

ሹሙ ወደ ሚስ ጎንበስ ብሎ፣ «ኖታ መገልበጥ ያቃታት መድኃኒት እንዴት ልትለካ ነው?» አለ። አቻላ ሳትላክ ቀረች።

በማግሥቱ ሚስ እርሳስ ይዛ አስረዳችን። የጥንት አታሚ ለዚህ ኖታ የነበረው የብረት ፊደል አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እግሩ ቁልቁል እንዲሆን ሲፈልግ ያንኑ ይገለብጠዋል። እርሳሱን ገለበጠችው፤ በቀኝ የነበረው በግራ ሆነ። ድምፁ ያው ነው። አቻላ ያለችው ነው! የእሷ ቦታ ባዶ ነበር። እጄን አውጥቼ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አላወጣሁም። ያ ሁለተኛው በደሌ ነው፤ በእሱ ጊዜ እንኳ ደንግጬ ነበር ማለት አልችልም።

ልጅ ነበረች አይበሉልኝ። ዓይናፋርነቷ ነው አይበሉልኝ።

ደብተሯን ልትወስድ የመጣች ዕለት፣ በጨርቅ ቋጥራ ትምህርቱን ትታ ስትሄድ ወንዙ ዳር ድረስ ተከተልኳት። የመጣሁት ልናገር ነበር፤ ዓይኔን ውሃው ላይ ጣልኩ። ታንኳው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ ቀዛፊው ከዳር ሲገፋው ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰው ሁሉ ዓይናፋር ናት ይልሻል» አለችኝ። «በእኔ ላይ ግን አፍ አወጣሽ።»