ሐያትንና ትዕግሥትን ያጣላው የፈረንጅና የኮሪያ ዘፈን

ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ በሰው ስልክ ላይ ዘፈን የምጭንባትን ትንሿን ሱቄን ዘግቼ ወደ ውጫሌ ተነሣሁ። የጠራችኝ እህቴ ዘይነባ ናት። ልጇ ሐያት ከጓደኛዋ ከትዕግሥት ጋር ከተኳረፈች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ተራ ኩርፊያ ቢሆን ኖሮ መንገድ ባልገባሁ። ግን የትዕግሥት ቤተሰብ ቅዳሜ ጓዙን ጠቅልሎ ኮምቦልቻ ሊገባ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሁለቱ ልጆች አንድ ጋቢ እየተጋሩ ደሴ ድረስ በእግራቸው የተሰደዱ ናቸው። እንዲህ ተኳርፈው ከተለያዩ ማን ያስታርቃቸዋል?

«ለመሆኑ ምን አጣላቸው?» ብዬ በስልክ ብጠይቃት፣

«ዘፈን! አንቺው የጫንሽላቸው ዘፈን!» አለችኝ።

ሚኒባሱ ሰባ ብር አስከፈለን። ሰኔ ነውና መሬቱ ሁሉ እየታረሰ ነው። የአምባሰል ተራራ በግራችን ደመና ተከናንቧል። መንገድ ዳር የተቃጠለ ከባድ መኪና ብረቱ ብቻ ቀርቶ ዝጓል፤ ተሳፋሪው ለምዶት ዞር ብሎም አላየው። ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ከቦርሳዬ ስፒከሬን አወጣና አገላበጠው።

«ሰርግ ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«እርቅ ነው።»

«በዚህ ነው የምታስታርቂ?» ብሎ ስቆ መለሰልኝ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ውጫሌ

ከመናኸሪያው በር ላይ ከመርሳ የመጣ ማንጎ ገዝቼ፣ ባጃጅ ይዤ እህቴ ቤት ደረስኩ። ሽሮ በሚጥሚጣ በላሁና ነገሩን ጠየቅሁ።

ነገሩ ይህ ነው። ነገ ሐሙስ የትምህርት ቤቱ መዝጊያ በዓል ነው፤ ለሐያትና ለትዕግሥት ክፍል የተፈቀደው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ሐያት የፈረንጅ ዘፈን ብቻዋን ልትዘፍን ትፈልጋለች። ትዕግሥት ደግሞ ከክፍሉ ሴቶች ጋር አምስት ሆነው የኮሪያን ይሁን ትላለች። ሐያት «እናንተ ትዘላላችሁ እንጂ አትዘፍኑም» አለች። ትዕግሥትም «አንቺ አጨብጫቢ ነው የምትፈልጊው!» ብላ መለሰች። አበቃ።

ትዕግሥትን ከቤቷ ሄጄ አመጣኋት። በር ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ! ዛሬ እንግዳ ሆንሽ?» አለቻት ዘይነባ። ሐያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እህቴ በአምባሰል ሰርግ ሁሉ የምትጠራ ዘፈን አውጪ ናት። በእኛ አገር አውጪዋ ግጥሙን ታወጣለች፣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። አውጪዋ የሆዷን ሳትጨርስ ጭብጨባ ማቋረጥ ነውር ነው። ስለዚህ ዳኛ እሷ ትሁን ብዬ ሁለቱንም ዘፈን በስፒከሬ ከፈትኩ። እንግሊዝኛም ኮሪያኛም አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

መጀመሪያ የፈረንጁን ሰማች። «ይችስ አውጪ ናት። ሆዷን ባር ባር ብሏታል። ተቀባዮቿን ግን ምን አድርገው ከጓዳ ዘጉባቸው? ስሚ፣ ከኋላ እም እም ይላሉ።»

ቀጥሎ የኮሪያውን። በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «አንድ... ይችኛዋ ተቀበለቻት... ሦስት... ወላሂ ሰባት ናቸው! ተቀባይም የለ፣ ሁሉም አውጪ።» ጥቂት ቆይታ ግን ፊቷን አጨማደደች። «ምነው ያቻኩሏቸዋል? አንዷም የሆዷን ሳትጨርስ ትነሣለች።»

«ታዲያ የቱ ይበልጣል?» አልኳት።

«ሰርጉን ሳላውቅ? ለማን እንደሚዘፈን ይንገሩኝ።»

ሐያት ወደ ግድግዳው እንደዞረች ተናገረች።

«ለእሷ ነዋ! ስትሄድ ልዘፍንላት ነበር። ከኋላዬ ቆማ ስትዘል እንዴት ታየኛለች?»

ትዕግሥት አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እኔስ? ከእናንተ ጋር የምቆምበት የመጨረሻ ቀን አይደል? ተመልካች ልታደርጊኝ ነው?»

«አንቺ ደነዝ! አትነግሪኝም ነበር?»

«አንቺስ ነግረሽኛል?»

ዘይነባ «አብሽሩ፣ ማንጎው ይበላ» አለች። ያን ቀን ማታ ሐያትም እሺ ብላ አምስቱም ተሰብስበው የኮሪያውን ሲያጠኑ የቤቱ ወለል ተንቀጠቀጠ።

ሐሙስ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ

በጥይት የተበሳሳው ግድግዳ አዲስ ተለስኗል፣ ቀለሙ ግን ገና ነው። ልጃገረዶቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ወጡ። ቅንጅታቸው አማረ። ሦስተኛው የሐያት ተራ ነበር፣ አጭር፣ ቢበዛ አራት ትንፋሽ። ጀመረች። አራቱ ትንፋሽ አለቀ፤ እሷ ግን አላቆመችም። በኮሪያው ዜማ ላይ የአማርኛ ግጥም ከሆዷ ማውጣት ጀመረች፤ ስለ መንገድ፣ ስለ አንድ ጋቢ። የተቀዳው ሙዚቃ ጥሏት ሄደ። ሕዝቡ ተንጫጫ። እኔ ተሳቀቅሁ፤ ተበላሸ ብዬ።

ትዕግሥት ጭፈራውን ተወችና ማጨብጨብ ጀመረች። ሦስቱም ተከተሏት። ከተመልካቹ መሀል እህቴ እልል አለች፤ የመንደሩ ሴቶች አብረው አጨበጨቡ። አንድ መምህር ሙዚቃውን አጠፋው። ሐያት የሆዷን እስክትጨርስ ማንም አላቋረጣትም። ከዚያ ትዕግሥት ተቀበለቻት። ከተመልካቹ አንድ ሽማግሌ «ይሄ የየት አገር ዘፈን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አርብና ቅዳሜ፣ ሐይቅ

ስመለስ ሚኒባሱ ጥቅጥቅ ብሎ ስለነበር እግሬ አብጦ ነው የገባሁት። ሱቄን የከፈትኩት ቅዳሜ ነው። ረፋዱ ላይ ሐያት ደወለች። የጭነት መኪናው ገና እየተጫነ ነበር፤ ትዕግሥት ከበስተጀርባ «ስልኩን ስጪኝ! እኔም ላናግራት!» ስትል ይሰማኛል። ተራ ሳይጠባበቁ ሁለቱም ባንድ ላይ ሲያወሩ አንዱንም ቃል አልያዝኩትም፤ ግን ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ደንበኛ መጥቶ «የፈረንጁ ይሻላል የኮሪያው?» ሲለኝ እንደ አዋቂ ድምፁን፣ ምቱን፣ ጭፈራውን እተነትን ነበር። ያን ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ልጅ መጥታ ያንኑ ጠየቀችኝ።

«ከማን ጋር ነው የምትሰሚው?» አልኳት።

«ከጓደኛዬ ጋር» ብላ የስልኳን ሜሞሪ ካርድ ሰጠችኝ፤ «እንግዲያው ከሁለቱም ጫኚልኝ» አለች።