ለላም የተገዛው መድኃኒት በስመኝ የዓሣ ኩሬ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቢቸና

ወደ ሞጣ የሄድኩት አንድ ሰው መልስ ስላሳጣኝ ነው። ቢቸና ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት የማድል ሠራተኛ ነኝ። ሐሙስ ዕለት አንድ የማላውቀው ገበሬ መስኮቴ ላይ መጥቶ ለከብት የሚወጋውን ጀርም ገዳይ መድኃኒት፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን ጠየቀኝ። ላሟን ምን እንዳመማት ስጠይቀው “ለዓሣ ነው” አለ። ጓሮው ኩሬ አለው፤ ዓሦቹ ምንም አልሆኑም። ግን በሞጣ በኩል የምትኖረው የሚስቱ እህት ስመኝ ዓሦቿ ሲያልቁባት ይህንኑ መድኃኒት በፉርሽካ ለውሳ አብልታ አድናቸዋለች። እሱም ከወዲሁ ሊያበላቸው ፈልጓል።

“አልሰጥዎትም” አልኩት።

“ለምን?”

“ጠርሙሱ ላይ ዓሣ የሚል አልተጻፈም።”

“ፉርሽካው ላይስ ተጽፏል?” ብሎ ሳቀብኝ።

መከልከሉን እንጂ ምክንያቱን አጥርቼ አላውቀውም ነበር። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እንደዚያ የተማረ ሰው ያልገባውን እንደገባው አድርጎ ማለፍ ይከብደዋል። የስመኝን ስልክ ከሰውየው ተቀበልኩ። በቦርሳዬ የኮሌጅ ደብተሬን (ስለ ዓሣ ያለው አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው)፣ ሁለት ቴርሞሜትርና አንድ ዳቦ ይዤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ።

መንገድ

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ በኋላ ያለው አቧራ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ ከግራና ከቀኝ በየአውድማው ጤፍ ይወቃል፣ ጓያው ገና አረንጓዴ ነው። ደብረ ወርቅ ላይ ረዳቱ አንድ ኩንታል ሽንኩርት እግራችን ሥር አስገባ። ከኋላዬ የነበሩ ሰውዬ “እኛ ነን ሽንኩርቱን የጫንነው ወይስ እሱ ነው እኛን የጫነን?” ሲሉ ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። የግንደወይን ተሳፋሪዎች ሲወርዱ እግሬን መዘርጋት ቻልኩ።

ሞጣ ስደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ፉል በላሁ፤ ቃሪያው ያስለቅሳል። የቤቱ ባለቤት፣ ጺማቸው የሸበተ ሙስሊም አዛውንት፣ ለዓሣ ጉዳይ መምጣቴን ሲሰሙ “እናንተ ዓሣ የምታስታውሱት ጾም ሲቀርብ ነው። ከነነዌ በፊት ዓሣ ያለው ሰው ዛሬ ሞጣ ላይ ንጉሥ ነው” አሉኝ። ነነዌ ሰኞ ትገባለች፤ ዐቢይ ጾም ከሁለት ሳምንት በኋላ።

እስከ ከተማው ዳር በባጃጅ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ በኩል ቁልቁል አንድ ሰዓት በእግር ወረድኩ። ቁልቁለቱ እየሞቀ ይሄዳል፤ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩት።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ኩሬው

ስመኝ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ መሬቱንም ኩሬውንም የያዘችው እሷ ናት።

“እርስዎ ነዎት የመድኃኒቷ ሴትዮ? በስልክ ድምፅዎ ወፍራም ነበር” አለችኝና ምሳዬን መብላቴን ሳትጠይቅ ድንችና ዳጣ አቀረበች።

ኩሬው ከወንዝ በተጠለፈች ቀጭን ቦይ ይሞላል። ውስጡ ያለው ዓሣ ቆሮሶ ነው፤ ትልልቆቹ ከመዳፍ ያልፋሉ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይዘሮ እናትነሽ የምትባል የሞጣ ምግብ ቤት ባለቤት ትመጣለች። ለነነዌ ሁለት ቅርጫት ትወስዳለች፤ ከወደደችው ደግሞ ዐቢይ ጾሙን በሙሉ በየሳምንቱ አራት ቅርጫት ልትረከብ ተነጋግረዋል። ካልተስማሙ እናትነሽ ከባሕር ዳር በበረዶ የሚመጣውን ትገዛለች። ስመኝ ከዚህ ሌላ ዓሣዋን የምትሰጠው ደንበኛ የላትም።

ነገሩን ከሥሩ ጠየቅኳት። በከተራ ጠዋት ዓሦቹ አፋቸውን እየከፈቱ ወደ ላይ ወጡ። እስከ ማታ ከአርባ በላይ ሞቱ። በነጋታውም ሞቱ። ላሟ ስትታመም ከተገዛው መድኃኒት ግማሽ ጠርሙስ ተርፎ ስለነበር ፉርሽካ ውስጥ ለወሰችው። በሦስተኛው ቀን ሞቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ጠዋትም ጭምር ሰጥታቸዋለች።

“ቁስል ነበራቸው? ክንፋቸው ተበልቷል? ቆዳቸው ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነገርስ?”

“ምንም። እንደ ብር ያበሩ ነበር።”

“የመጀመሪያው በስንት ሰዓት ሞተ?”

“እርስዎ ፖሊስ ነዎት እንዴ?”

መልሷን ሁሉ ጻፍኩ። አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። ሕመም ቁስል ሳያሳይ፣ ሁሉንም በአንድ ጠዋት ይዞ፣ በሁለት ቀን ይለቃል? ቦይዋን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ስመኝም ተከተለችኝ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ላይ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ። በስንጥቆቻቸው ውስጥ የደረቀ አረፋና የተወቀጠ ፍሬ ገለባ ተጣብቋል። አንስቼ አሸተትኩት። እንዶድ ነው።

“እዚህ የሚያጥበው ማነው?”

“ሁሉም። ለጥምቀት ያላጠበ ማን አለ? በቆሸሸ ነጠላ ታቦት የሚሸኝ አለ?” አለችና የደረቀውን አረፋ ከድንጋዩ ላይ በጣቷ ፋቀች። “እኔም አጥቤያለሁ” አለች። “በከተራ ዋዜማ ማታና በከተራ ጠዋት፤ የራሴንና የእህቴን፤ ለበዓሉ እኔ ጋ ነበረች።”

ሁለት ሳህን

ወዲያው አላመነችኝም፤ እኔም በግምት እንድታምነኝ አልፈለግኩም። ሁለት ሳህን የምንጭ ውኃ ሞላንና በእያንዳንዱ ሦስት ትንንሽ ዓሣ አስገባን። ጎረቤቷ እትዬ ዓለም ከቤታቸው የተወቀጠ እንዶድ አመጡ፤ ከአረፋው አንድ ስኒ ወደ አንዱ ሳህን ጨመርኩ። ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የእንዶዱ ሳህን ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ወጡ፤ አንዱ በጎኑ ተኛ። የሌላው ሳህን ዓሦች ይዞራሉ።

“እኔ እኮ ያጠብኩት የልጅ ልጄን ቀሚስ ነው፤ ዓሣ ልገድል አይደለም” አሉ እትዬ ዓለም፣ ሳህኑን እያዩ።

ስመኝ ከአጠገቤ ቁጭ አለች። “በቃ እንዲህ ነበር የሚያደርጋቸው። ታዲያ መድኃኒቱ ምንም አልሠራም?”

“ሞቱ የቆመው አጠባው አልቆ ውኃው ስለጠራ ነው።”

“እሺ አልጠቀመም። ካልጠቀመ አልጎዳም ማለት ነው?”

ይህ ጥያቄ ነው ቢቸና ላይ ያቃተኝ። አሁን ግን የሚሞተውም ዓሣ ለገበያ የተዘጋጀውም ፊቴ ስለነበሩ ቃሉ መጣልኝ። የበሉት መድኃኒት ገና ሥጋቸው ውስጥ ነው አልኳት። ነገ ዓሣውን የሚበላ ሰው ሳያውቅ፣ ሳይታመም፣ ያልታዘዘለትን መድኃኒት ይበላል። በትንሽ በትንሹ ሲገኝ ደግሞ ጀርሙ ይለምደዋል። ከዚያ ሰውም ላምም የምር ሲታመም መድኃኒቱ እምቢ ይላል።

“ስንት ቀን ነው የሚቆየው?”

አላውቅም ነበር። ጠርሙሱን አምጥታልኝ በፀሐይ በኩል አዙሬ አነበብኩት። ለከብት ከመታረዱ በፊት የሚጠበቅ ቀን ተጽፏል፤ ለወተትም ተጽፏል። ለዓሣ ቦታ እንኳ አልተተወም። የላሟን ቀን ለዓሣው ማዋስ ደግሞ ከራስ መፍጠር ነው።

ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ብቻ ነበር። እዚያ ወጥቼ ባሕር ዳር ላሉት የኮሌጅ መምህሬ ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጡ። “ለዓሣ ያልተፈቀደውን ለዓሣ አለመስጠት ነው መልሱ። ሕመሙ ሳይለይ ደግሞ የተፈቀደውም አይሰጥም።” ቀጥለው ግን አንድ ስሌት ነገሩኝ። ዓሣ የገዛ ሙቀት የለውም፤ ሰውነቱ ፈጥኖ የሚሠራው ውኃው ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ቀን ብቻ አይቆጠርም። የየቀኑ የውኃ ሙቀት አማካይ ይደመራል፤ ድምሩ ቢያንስ አምስት መቶ እስኪሞላ ዓሣው አይሸጥም። መድኃኒቱ ሳይፈቀድ ለተሰጠ ዓሣ አንዳንድ አገሮች የያዙት ልክ ይህ ነው አሉኝ።

ከኮረብታው ስወርድ እየተደሰትኩ መሆኔ አሳፈረኝ። የስመኝ ገበያ እየተበላሸ እኔ በስሌቱ እደነቃለሁ። እዚያው አደርኩ፤ ማታ ውኃው ሃያ ሁለት ዲግሪ ነበር፤ ሲነጋ አሥራ ስምንት። አማካዩ ሃያ። አምስት መቶ ለሃያ ሲካፈል ሃያ አምስት ቀን።

ስመኝ በጣቷ ቆጠረች። “ዘወረደ አልፎ ቅድስት ሲጋመስ” አለች። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ማለት ነው፤ ነነዌም የጾሙ መጀመሪያም አመለጣት።

እሑድ፣ አምስት ሰዓት

እናትነሽ ሁለት ቅርጫት ካስያዘቻቸው ሰዎች ጋር መጣች። ኩሬውን አይታ ተደሰተች። እኔ ከሌላ ወረዳ ነኝ፤ እዚያ ማንንም የመከልከል ሥልጣን የለኝም። ስመኝ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ። ልናገርላት እችል ነበር፤ ዓሣው ግን የሷ ነው።

“እናትዬ፣ ዛሬ አልሰጥሽም” አለች ስመኝ።

“ምነው፣ ሌላ ገዢ መጣ? እቺ ናት?”

“የላም መድኃኒት በልተዋል። ተሳስቼ ነው። እስከ ቅድስት አጋማሽ አይበሉም።”

እናትነሽ ወደ ኩሬው ዞረች። “ባትነግሪኝ ምን አውቅ ነበር?”

“አታውቂም ነበር።”

“እኔ ጾሙን ባዶ ድስት ይዤ አልገባም፤ ከባሕር ዳር አመጣለሁ። ደንበኛ ያንን ከለመደ ደግሞ ቃል አልሰጥሽም።” ቅርጫቶቹ ባዷቸውን ዳገቱን ወጡ።

ስመኝ አላለቀሰችም። የተረፈውን ፉርሽካ ከጉድጓድ ቀበረች፤ ጠርሙሱን ግን “አንቺ ውሰጂው” ብላ ሰጠችኝ። እርስዎ ማለቷን የተወችው ያኔ ነው። አንዱን ቴርሞሜትር ሰጥቻት አነባበቡን ላሳያት ስጀምር ከእጄ ነጠቀችኝ፤ “ስልክ የምትደውል ሴት ቁጥር አታነብም ያለሽ ማነው?”

ቢቸና

ሰኞ ማለዳ ከሞጣ ተነስቼ ከምሳ በፊት ቤቴ ገባሁ። ማክሰኞ መድኃኒት ክፍሉን ስከፍት መደርደሪያዬን ሌላ ሰው የደረደረው መሰለኝ። ስንት ሙሉ ጠርሙስ ለአንዲት ላም ብዬ በዚያ መስኮት ሰጥቻለሁ? የተረፈው የት እንደሚደርስ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪሙ ያዘዘውን ልክ ብቻ እሰጣለሁ፤ ጠርሙስ የሚወስድም የተረፈውን ይመልሳል። ሰልፉ ረዝሟል፤ ያጉረመርማሉ።

ስመኝ በየማታው ኮረብታው ላይ ወጥታ ትደውላለች። ሰላምታ የለም፤ ድምሩን ትናገርና ትዘጋለች። በቅድስት ረቡዕ “አምስት መቶ ሦስት” አለች። ስንት እንዳበላቻቸው በልኩ ስለማናውቅ ሁለት ቀን እንጨምር አልኳት። “አንቺ ሴትዮ አትጠግቢም” ብላ ዘጋችብኝ፤ ግን ጠበቀች።

ዓርብ ማታ ደወለች። እናትነሽ ራሷ መጥታ ነበር። አራቱን ሳይሆን ሁለት ቅርጫት ወሰደች፤ ዋጋም አስቀነሰች። የቀረውን ስመኝ ቅዳሜ ገበያ ራሷ ጠብሳ ልትሸጥ ነው። ለምን እንደመጣች ጠይቃት እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ጠየቅኳት። የባሕር ዳሩን ነጋዴ ዓሣው ከውኃ ከወጣ ስንት ቀኑ ነው ብትለው፣ ትኩስ ነው ብቻ አላት አሉ። ‘አንቺ ግን ባላውቀው የሚሻልሽን ነገርሽኝ’ አለችኝ።”

“አንቺስ ምን አልሻት?”

“ምን እላታለሁ? መረቡን ያዢልኝ አልኳት፤ ያዘችልኝ።”