«ጠፍታለች» ያለው አስተርጓሚ

ወልደሰማያት ጣሰው በጅማ ከተማ የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነው። አባቱ ከመንዝ መጥተው ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪናቸውን የዘረጉ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲቦርቅ አድጎ በአማርኛም በኦሮምኛም አፉን ፈታ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ከጅማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ክሊኒክ በአስተርጓሚነት ተቀጠረ። ሐኪሟ ፈረንጅ ናቸው፤ ከእንግሊዝኛ በቀር አያውቁም። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው «የት ጋ ያምሃል?»፣ «ከመቼ ጀምሮ?» እያለ ሲያግባባ ሰው ሁሉ «ምላሱ የተባረከ» አለው። እሱም አመነ።

በዚያው ክረምት ሙሐዲን የሚባል፣ በአቅራቢያው ያለው የሰቃ አገር ገበሬ ሚስቱን ሀዋን በቃሬዛ አሸክሞ አመጣ። ትኩሳት እያቃዣት ነበር። ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሟ ፊታቸው ገርጥቶ በሩ ላይ ብቅ አሉና ለወልደሰማያት «ቴል ሂም ዊ ሎስት ኸር። አይ አም ሶ ሶሪ» ብለውት፣ ሌላ በሽተኛ ስላስቸኮላቸው ወዲያው ተመለሱ።

«ሎስት»ን ያውቃታል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ «አይ ሎስት ማይ ፔን» ብለው ጽፈው፣ ብዕሬ ጠፋብኝ ማለት ነው ብለው አስተምረውታል። ወደ ሙሐዲን ዞሮ በኦሮምኛ፣ «ሀዋ ጠፍታባቸዋለች፤ በጣም ይቅርታ ይላሉ» አለው።

«እንዴት ትጠፋለች? ቆማ መሄድ መች ቻለችና?»

«ትኩሳቱ አስነስቷት ይሆናል።» ይህቺን ከራሱ ጨመረ።

ሙሐዲን «ያ ረቢ» ብሎ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ወልደሰማያትም በየት በኩል እንደሄደች ሊጠይቅ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። ነርሷ ብርሃንነሽ ባዶውን አልጋ እያጠበች ነበር።

«ሀዋ በየትኛው በር ነው የወጣችው?»

ብርሃንነሽ ቀና ብላ አየችው። «ምን ነካህ? አርፋለች እኮ። ባሏን እየጠበቅን ነው፤ ቶሎ ወስዶ መቅበር አለበት።»

እየሮጠ ወጣ። አዌቱ ወንዝ ዳር አጣው፤ መስጊዱ ደጃፍ አጣው። ያገኘው እኩለ ቀን ላይ በሰቃ መንገድ ነው። ሙሐዲን ከሩቅ ሲያየው ፊቱ በራ።

«እንደ ሀዋ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ወደ ሰቃ ስትሄድ ያየ ሰው አገኘሁ። እሷ ናት፤ ወደ ቤቷ ነው የሄደችው።»

ወልደሰማያት ጭቃው ላይ እንደቆመ እውነቱን ነገረው። ሙሐዲን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አንተ ልጅ፣ አላውቅም ብትል ምን ነበረበት?» አለው። ተነስቶም አስከሬኗን ሊወስድ ወደ ክሊኒኳ ተመለሰ።

ወልደሰማያት ሰቃ ድረስ ሄዶ ቀብሩ ላይ ቆመ። ማንም አልሰደበውም፤ ያ ደግሞ ባሰበት።

በማግስቱ የሆነውን ሁሉ ለሐኪሟ ተናገረ። «ጥፋቱ የኔ ጥድፊያ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በምሳ ሰዓት አስተምርሃለሁ» አሉት። «ሺ ኢዝ ሎስት» መንገድ ጠፍቷታል፣ «ዊ ሎስት ኸር» ግን አጣናት ማለት መሆኑን የዚያን ዕለት ተማረ። አጣናት! አማርኛውም ለሞተ ሰው እንዲሁ ይላል፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር፤ ልብ አላለውም እንጂ።

ከዚያ ወዲያ ፈረንጅ ያለውን ሁሉ እንደወረደ መቀበል ተወ። «አንደር ዘ ዌዘር» ከዝናብ ጋር እንደማይገናኝ፣ ትንሽ ያመመውን ሰው እንደሚሉበት አወቀ። አንዲት ወላድ «ሺ ሃዝ ተርንድ ዘ ኮርነር»፣ ቃል በቃል ጥጉን ዞራለች፣ ሲባልላት፣ ቤተሰቡ አፍ አፉን እያየው እሱ ሐኪሟን አስቁሞ ጠየቀ፤ ክፉውን አልፋዋለች ማለት ነው አሉት። ያኔ ብቻ ወደ በሽተኛዋ እናት ዞሮ «ልጅዎ ተርፋለች» አለ።

ስምንት ዓመት በዚያ ሥራ ቆየ። ከሰቃ ሰው በመጣ ቁጥር ስለ ሙሐዲን ይጠይቅ ነበር። ደህና ነው ይሉታል፤ ሌላ ሚስት አግብቷል፤ ልጆች ወልዷል። ወደ ክሊኒኳ ግን ተመልሶ አልመጣም። ቤቱ ሰው ሲታመምበት አጠገቡ ያለችውን ክሊኒክ ትቶ ሩቅ ሰኮሩ ድረስ ይወስድ ነበር አሉ።