አልነሳ ያለች ማገናኛ

በጠዋት ከጎባ የመጡት ሽማግሌ ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ከሱፍ ካልሲ ውስጥ መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር አውጥተው፣ ሮቤ ገበያ ዳር ስልክና ሬዲዮ ለሚጠግነው ለዓብዱልፈታሕ ሰጡት። ልጃቸው የእጅ ሬዲዮውን በእሷ በኩል ከኢንተርኔት እያገናኘ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ያወራባት ነበር።

ዓብዱልፈታሕ ኤሌክትሪክ ሲሰጣት ቀዩ መብራት በራ፤ አረንጓዴው ግን ብልጭ አላለም።

"አባ፣ የተበላሸው ሜሞሪ ካርዷ ነው። በአዲስ ብቀይረው ትነሳለች።"

"የልጄ ድምፅ ውስጧ አለ?"

"የለም። ድምፅ ታሳልፋለች እንጂ አታስቀምጥም።"

ሽማግሌው ዝናብ ያራሰውን ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ።

"ስትነሳ ጓደኞቹ ይጠሩታል?"

"ኢንሻአላህ፣ ይጠሩታል።"

"እንግዲያው ተዋት" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "መሞቱን በየትኛው አፌ እነግራቸዋለሁ?"

ዓብዱልፈታሕ ቀና ብሎ ሊያያቸው ፈራ።