የእትዬ አስካለ ኮምፒውተር

ልደታ ላለ አንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። የቀጠሮውን ሰዓት የሚፈትሸው ቴስት የእኔ ላፕቶፕ ላይ፣ በሊኑክስ፣ ሁሌ ያልፋል። የክሊኒኩ ዊንዶውስ ላይ ግን ማልጄ ስሞክረው ያልፍና ሥራ ሲጀመር ይወድቃል። ርክክቡ ነገ ነው፤ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ዊንዶውስን ስራገም ሰነበትኩ።

ካርድ ክፍል የሚሠሩት እትዬ አስካለ፣ አሳዝኛቸው መሰለኝ፣ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አትድከም። ይሄ ኮምፒውተር ድሮም ብልሽት አለበት። ጠዋት በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ የፈረንጅ ይሆናል። በየቀኑ ስገባ ወደ እኛ ሰዓት የምመልሰው እኔ ነኝ።»

እፎይ! ኮዴ ጤነኛ ነው። ተነስቼ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው።

እሳቸው ግን ዓይናቸው ላፕቶፔ ላይ ነበር።

«ያንተም ተበላሽቷል፤ ላስተካክልልህ?»